ካናቴራው ምን ይላል? ሕጉስ ምን ይላል?

እህቴና ልጇ ባለፈው ክረምት ከሜሪላንድ ለእረፍት መጥተው እኔ ቤት አርፈው ነበር። ሻንጣ ሲፈታ እህቴ ከልጇ ልብስ መሐል አንድ ጥቁር ካናቴራ መዛ አወጣችና «ወንድም ጋሼ፣ አንተ የሕግ ሰው ነህ፤ ይቺ ልጅ ይሄን ለብሳ ጣጣ ልታመጣብኝ አይደለም?» አለችኝ። በካናቴራው ደረት ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት የታተመው ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ሲመለስ «በተሰረቀ መሬት ላይ ሕገወጥ የሚባል ሰው የለም» የሚል ነው። ልጅቱ ሳቀች። «አጎቴ፣ እማዬ ሁሉንም ነገር ትፈራለች። እኔ እዚያው የተወለድኩ ዜጋ ነኝ፤ ማን ምን ያደርገኛል?» አለች። እናቷ የምትኖረው በግሪን ካርድ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ ሁለቱንም የሚያጠግብ መልስ አልሰጠሁም። ጥያቄው ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ። አሜሪካ ልጅ፣ እህት ወይም የአክስት ልጅ የሌለው የአዲስ አበባ ቤተሰብ ጥቂት በመሆኑ ያገኘሁትን መልስ ለአንባቢም ባካፍል አይከፋም ብዬ አሰብኩ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልብስ መናገሩ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ለቅሶ የምትሄድ ሴት የነጠላዋን ጥለት ወደየት እንዳደረገች ያየ ሰው ሐዘንተኛ መሆኗን ሳይነገረው ያውቃል። በምርጫ ሰሞን የሚታደለውን ካናቴራም እናውቀዋለን፤ ምርጫው ካለፈ፣ አሸናፊውም ከተረሳ በኋላ ካናቴራው የቤት መወልወያ ሆኖ ዓመታት ይቆያል። የእህቴን ልጅ ካናቴራ ለየት የሚያደርገው ሁለት የተለያዩ ሰዎችን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስሮ መያዙ ነው። አንደኛው የስደተኛው ነው፤ «አታባርሩኝ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት በምድሪቱ ላይ የነበሩት፣ እኛ በልማድ «ቀይ ሕንዶች» የምንላቸው ነባር ሕዝቦች ጥያቄ ነው፤ «ምድሪቱ የእኛ ነበረች፣ ዛሬም በራሳችን ጉዳይ የምንወስነው እኛው ነን» ይላል። ሁለቱ ጥያቄዎች ዘመዳሞች ቢመስሉም አንድ አይደሉም። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

ሁለቱን ማሰር የዛሬ ፋሽን አይደለም። ካሊፎርኒያዊቷ ሰዓሊ ዮላንዳ ሎፔዝ በ1978 ያዘጋጀችው አንድ የግድግዳ ፖስተር አለ። የአዝቴክ ጌጥ በራሱ ላይ የደፋ ሰው «የኢሚግሬሽን ዕቅድ» የሚል ወረቀት በእጁ ጨምድዶ በሌላው እጁ ወደ ተመልካቹ እየጠቆመ «ሕገወጡ መጤ ማን ነው፣ ፒልግሪም?» ብሎ ይጠይቃል። ፒልግሪም የሚባሉት በ1620 በሜይፍላወር መርከብ ከእንግሊዝ የመጡት ሰፋሪዎች ናቸው፤ አሜሪካኖች እንደ አባቶቻቸው ይቆጥሯቸዋል። የጣቱ አጠቋቆምም በ1917 ለጦርነት ምልምል ይጠራ ከነበረው «አጎት ሳም» ከተባለው የታወቀ ሥዕል የተወሰደ ነው። ሰዓሊዋ በ2021 አርፋለች፤ ፖስተሩ ግን እስከ ዛሬ በተማሪዎች መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል።

ከ2001ዱ የመስከረም ጥቃት በኋላ ደግሞ የአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት በሚቋቋምበት ሰሞን ሌላ ካናቴራ ብቅ አለ። የአፓቺው መሪ ጀሮኒሞና ሦስት ተዋጊዎች ጠመንጃ ይዘው በ1886 የተነሡት ፎቶግራፍ ነው፤ ከፎቶው ጋር «የአገር ደህንነት፣ ከ1492 ጀምሮ ሽብርን እየተዋጋ» የሚል ጽሑፍ አለበት። 1492 ኮሎምበስ የደረሰበት ዓመት መሆኑን ማስታወስ ነው እንጂ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በእኔ ግምት ከዚህ ዓይነት ካናቴራዎች ሁሉ በቀልድ የሚስተካከለው የለም።

ነገሩ ወደ ስፖርት ሜዳም ገብቷል። በሚያዝያ 2010 የአሪዞና ግዛት ፖሊስ በሕግ ማስከበር ላይ ሳለ በሕገወጥነት የሚጠረጥረውን ሰው የመኖሪያ ወረቀት እንዲጠይቅ የሚያስገድድ ኤስ ቢ 1070 የተባለ ሕግ ሲያወጣ፣ የግዛቲቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ፊኒክስ ሰንስ ግንቦት 5 ቀን ስሙን ግማሽ በስፓኒሽ አድርጎ «ሎስ ሰንስ» የሚል መለያ ለብሶ ገባ። ጨዋታውንም አሸነፈ። ሕጉን በተመለከተ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ከቀረቡለት አራት ድንጋጌዎች ሦስቱን ሽሯል። በየቤቱ ደጃፍ የሚተከሉትን ሰሌዳዎች ያየ አንባቢም ይኖራል። በ2015 ሃሪሰንበርግ፣ ቨርጂኒያ ያለች አንዲት የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽና በዓረብኛ «ከየትም ብትመጡ ጎረቤታችን በመሆናችሁ ደስ ብሎናል» የሚል ሰሌዳ ተከለች፤ ሰሌዳው ከዚያ ተነሥቶ አገሩን አዳረሰ።

እንግዲህ ወደ ሕጉ። መልበስ ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ቀላል ነው፤ ይቻላል። በ1968 ፖል ኮኸን የተባለ የ19 ዓመት ወጣት የግዳጅ ውትድርናን በጸያፍ ቃል የሚሳደብ ጽሑፍ ያለበት ጃኬት ለብሶ በሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ኮሪደር ሲያልፍ ተይዞ 30 ቀን እስራት ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 በ5 ለ4 ድምፅ ፍርዱን ሻረው። ከዚያም በፊት በ1969 በአዮዋ ግዛት የቬትናም ጦርነትን በመቃወም ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረው ትምህርት ቤት በመሄዳቸው የተባረሩ ተማሪዎች ተፈርዶላቸዋል። ቤትን በተመለከተ ደግሞ ማርጋሬት ጊሊዮ የተባሉ ሴት አሉ። በሚዙሪ ግዛት ላዱ በምትባል ከተማ ነዋሪ ሲሆኑ በ1990 የባሕረ ሰላጤውን ጦርነት የሚቃወም ሰሌዳ ደጃፋቸው ተከሉ። ከተማዋ ሰሌዳ መትከል በደንብ የተከለከለ ነው አለቻቸው። ሴትዮዋ ከሰሱ፤ በመሐሉም ከአንድ የደብዳቤ ወረቀት የማይበልጥ ጽሑፍ በፎቁ መስኮት ላይ ለጠፉ። በ1994 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱላቸው። የገዛ ቤት ደጃፍ ድሃው ሳይቀር ሐሳቡን በነፃ የሚገልጽበት ቦታ ነውና ሌላ ምትክ የለውም የሚል ነው የውሳኔው መንፈስ።

ይህ ሁሉ የሚያስረው ግን መንግሥትን ነው። ቀጣሪህ የግል ድርጅት ከሆነ በሥራ ሰዓት አውልቀው ሊልህ ይችላል። አከራይህም በውሉ ላይ በረንዳው ላይ ምንም እንዳትሰቅል ካስፈረመህ ጊሊዮን ጠቅሰህ የትም አትደርስም። ብዙው የእኛ ሰው ደግሞ የሚኖረው በአፓርታማና በኮንዶሚኒየም ነው፤ ይህን ልብ ማለት ይገባዋል።

አሁን የእህቴ ጥያቄ ላይ ደረስን። ዜጋ ያልሆነስ? ሕገ መንግሥቱ የመናገር ነፃነትን ሲደነግግ «ዜጋ» የሚል ቃል አልጨመረም። በ1945 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሃሪ ብሪጅስ የተባለውን አውስትራሊያዊ የወደብ ሠራተኞች መሪ ከመባረር ባዳነበት ውሳኔ በአገሪቱ የሚኖር የውጭ ሰው ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው ተቀብሏል። ይሁንና ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ ያው ፍርድ ቤት ለዓመታት በሕጋዊ መንገድ የኖሩ ሰዎች ቀደም ሲል የኮሚኒስት ፓርቲ አባል በመሆናቸው ብቻ ቢባረሩ ሕገ መንግሥቱ አይከለክልም አለ። ሁለቱም ውሳኔዎች እስከ ዛሬ አልተሻሩም። የሕግ ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራኖቻችን እንዲህ ያለውን ነገር «ሁለት ባላ ያለው እንጨት» ይሉት ነበር፤ መንግሥት በፈለገው በኩል ይይዘዋል።

በ2025 የሆነውም ይኸው ነው። በመጋቢት ወር አንዲት የቱርክ ዜጋ የሆነች የዶክትሬት ተማሪ በማሳቹሴትስ መንገድ ላይ ተይዛ ከስድስት ሳምንት በላይ ታሰረች፤ በእጇ የተገኘው ጥፋት በዩኒቨርሲቲው ጋዜጣ ላይ ከሌሎች ጋር ስለ ጋዛ የጻፈችው አንድ የአስተያየት ጽሑፍ ነበር። በነሐሴ ወር የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በራሱ ፈቃድ የሚሰጣቸውን ጥቅሞች ለሚጠይቁ ሰዎች «ፀረ አሜሪካ» አመለካከት መኖር አለመኖሩን እንደሚመረምርና የማኅበራዊ ድረ ገጽ ምርመራውንም እንደሚያሰፋ አስታወቀ። በመስከረም መጨረሻ ደግሞ ዊልያም ያንግ የተባሉ የቦስተን ፌዴራል ዳኛ በሕጋዊ መንገድ ያሉ የውጭ ዜጎች የመናገር መብት ከዜጎቹ መብት ጋር እኩል ነው ሲሉ ፈረዱ። የአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ቃል ግን የመጨረሻው ቃል አይደለም።

ለእኛ ሰዎች ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከ2022 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን ተሰጥቶ የነበረው ጊዜያዊ ከለላ እንደሚቋረጥ የአሜሪካ አስተዳደር በታህሳስ 2025 ማስታወቁን አንባቢ ያስታውሳል። እንግዲህ ይታያችሁ፤ ካናቴራው የተሠራው ለስደተኛው ጥብቅና ለመቆም ነው። ለዜጋው ዋጋው ሃያ ምናምን ዶላር ነው፣ ለብሶት ቡና ይጠጣበታል። ያው ካናቴራ ወረቀቱ ባላለቀለት ሰው ደረት ላይ ሲሆን ግን ፎቶው አንድ ቀን ከፋይሉ ጋር ተያይዞ ሊመጣ ይችላል። ጥብቅና የተቆመለት ሰው ራሱ ሊለብሰው የሚፈራው ልብስ ነው ማለት ነው። እህቴ ፈሪ አይደለችም፤ ሕጉን ሳታነብ በትክክል አንብባዋለች።

ስለ መልበሱ ይህን ካልን፣ ጽሑፉ ራሱ እውነት ነው ወይ? «የተሰረቀ» የሚለው ከባድ ቃል ነው። የአሜሪካ ሕግ በዚህ ላይ ያለው አቋም የተመሠረተው በ1823 ነው። ከነባር ሕዝቦች በቀጥታ መሬት ገዛን ያሉ ሰዎች ወራሾች ባነሡት ክርክር ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል፣ ምድሪቱን «ያገኘው» የአውሮፓ መንግሥት ባለቤትነቱን እንደያዘ፣ ነባሮቹ የቀራቸው በላዩ የመኖር መብት ብቻ እንደሆነ ወሰኑ። ሰው የሚኖርበት አገር «ተገኘ» መባሉ ለእኛ ጆሮ ይገርማል። ነገር ግን እስከ 2005 ድረስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን መርህ በውሳኔው ሲጠቅስ እናገኘዋለን። ቫቲካን በበኩሏ መርሁን በ2023 በይፋ አውግዛዋለች።

ይሁንና ፍርድ ቤቱ ራሱ ዘረፋውን ያመነበት ጊዜ አለ። በ1868 በፎርት ላራሚ ውል ጥቁር ኮረብታዎች የተባለው አካባቢ ለሱ ሕዝብ ለዘለዓለም ተሰጠ። ብዙም ሳይቆይ ወርቅ ተገኘበት፤ በ1877 ኮንግረሱ መሬቱን ወሰደው። ክርክሩ መቶ ዓመት ፈጅቶ በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 ድምፅ ተገቢው ካሳ ሳይከፈል የተወሰደ ነው ብሎ 17.1 ሚሊዮን ዶላር ከ1877 ጀምሮ ከሚታሰብ ወለድ ጋር፣ በድምሩ ወደ 105 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ፈረደ። ሱዎቹ ግን ገንዘቡን አልተቀበሉም። «ያልሸጥነውን መሬት ዋጋ አንቀበልም፣ መሬታችንን መልሱልን» አሉ። ገንዘቡ በመንግሥት ግምጃ ቤት ተቀምጦ ሲወልድ ከ1 ቢሊዮን ዶላር አልፏል፤ ባለመብቶቹ ደግሞ ከአገሪቱ እጅግ ድሆች ከሚባሉት መካከል ናቸው። ይህን ያነበበ ሰው ካናቴራው አጋነነ ለማለት ይቸገራል።

«ሕገወጥ ሰው» የሚለውስ? እዚህ ላይ የራሳችንን ጋዜጦች ጭምር ልውቀስ፤ በቀይ ባሕር ስለሚሻገሩት ልጆቻችን ስንጽፍ «ሕገወጥ ስደተኞች» እንላለን። ሕግ የሚያውቀው ሕገወጥ ድርጊትን ነው። በአሜሪካ ሕግ ያለፈቃድ ድንበር መሻገር ወንጀል ነው፤ ያለፈቃድ መኖር ግን በጠቅላላው ለመባረር የሚያበቃ የአስተዳደር ጥሰት እንጂ በራሱ ወንጀል አለመሆኑን ያ የ2012ቱ የአሪዞና ውሳኔ አስፍሮታል። አሶሼትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል በ2013 ሰውን «ሕገወጥ» ብሎ መጥራትን ከአጻጻፍ መመሪያው አውጥቷል። እኛ ገና ነን።

ነባሩና ስደተኛው በፍርድ ቤት የተገናኙበት ታሪክ ደግሞ የበለጠ ይደንቃል። ጆን ኤልክ ከጎሳው ወጥቶ በኦማሃ ከተማ የሚኖር ነባር አሜሪካዊ ነበር። በ1880 ለምርጫ ልመዝገብ ቢል ከለከሉት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1884 በአሜሪካ ምድር ቢወለድም በጎሳው ሥልጣን ሥር ስለተወለደ ዜጋ አይደለም ተባለ። በ1898 ከቻይናውያን ስደተኞች በሳንፍራንሲስኮ የተወለደው ዎንግ ኪም አርክ ያው ፍርድ ቤት ቀረበ፤ እሱ ዜጋ ነው ተባለ። ሁለቱንም ውሳኔዎች የጻፉት አንድ ዳኛ፣ ሆራስ ግሬይ ናቸው። የመጤው ልጅ ዜጋ፣ የባለአገሩ ልጅ ባዕድ። ነባሮቹ በሙሉ ዜግነት ያገኙት በ1924 በወጣ ሕግ ነው። ይህ ያረጀ ወሬ እንዳይመስላችሁ፤ ወረቀት የሌላቸው ወይም በጊዜያዊ ቪዛ ያሉ ሰዎች ልጆች በመወለድ ዜጋ አይሆኑም የሚለው የጥር 2025 ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ በፍርድ ቤት ሲከራከር የመንግሥት ጠበቆች ከጠቀሷቸው ውሳኔዎች አንዱ ይኸው የጆን ኤልክ ነው። በነባሩ ላይ የተወረወረው ድንጋይ ከ140 ዓመት በኋላ ተነሥቶ ወደ ስደተኛው ልጅ ተወረወረ። በዚያው ጥር ወር ናቫሆዎች በኢሚግሬሽን ፖሊስ እየተጠየቁ ነው የሚል ሪፖርት ደርሶ መሪዎቻቸው የጎሳ መታወቂያችሁን ይዛችሁ ውጡ ብለው ነበር።

እስከዚህ ድረስ ካናቴራው ትክክል ነው። የማልስማማበት አንድ ቦታ አለ። መሬቱ የተሰረቀ ከሆነ ባለቤት አለው ማለት ነው። ባለቤት ያለው መሬት ላይ ማን ይግባ የሚለውን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ሉዓላዊነት «ግቡ» የማለት ብቻ ሳይሆን «አትግቡ» የማለትም ሥልጣን ነው። ካናቴራው ግን ባለቤቱን ሳይጠይቅ ስለ ባለቤቱ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል።

ለዚህ ከቶሆኖ ኦኦዳም የተሻለ ምሳሌ የለም። አሜሪካ በ1853 ከሜክሲኮ መሬት ስትገዛ ድንበሩ የእነዚህን ሰዎች አገር ለሁለት ከፈለው፤ እነሱን የጠየቃቸው አልነበረም። ዛሬ በአሪዞና ያለው ግዛታቸው ከድንበሩ 62 ማይል ያህሉን ይይዛል፤ ዘመዶቻቸው ሜክሲኮ ውስጥ ቀርተዋል። የድንበር ግንቡን አጥብቀው ተቃውመዋል። ግን ደግሞ በ1970ዎቹ የተቋቋመውና በምድራቸው ኮቴ ተከትሎ ኮንትሮባንድ የሚያድነው «የጥላ ተኩላዎች» የተባለው የፌዴራል ቡድን አባላት ነባሮች ናቸው፤ በ2019ም ምክር ቤታቸው የድንበር ጠባቂዎች የመቆጣጠሪያ ማማ በግዛታቸው እንዲተክሉ ፈቅዷል። ከሁሉ የሚከብደው የውኃው ጉዳይ ነው። ስደተኞች በዚያ በረሃ በጥም ይሞታሉ። ከጎሳው አባላት አንዱ በ2000ዎቹ ዓመታት በየመንገዱ የውኃ በርሜል ቢያስቀምጥ የወረዳው ምክር ቤት ከለከለው። ሰውየው «የሚሞተው ሰው ነው» አለ፤ ምክር ቤቱ በግዛቱ የሚወስነው እሱ መሆኑን አጸና። እኔ ከሰውየው ጋር ነኝ። ምክር ቤቱ ግን የመወሰን ሥልጣን አልነበረውም ማለት አልችልም፤ ካናቴራው የሚደግፈው ሉዓላዊነት ማለት ይኸው ነውና።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ክርክር በሌላ ጆሮ እንደሚሰማው አውቃለሁ። «ነባር» እና «መጤ» የሚሉት ቃላት እኛ ዘንድ ካናቴራ ላይ የሚታተሙ አይደሉም፤ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎባቸዋል። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 8 ሉዓላዊነትን ለብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሰጥቶ በአንቀጽ 32 ደግሞ ማንም በፈለገበት የመኖር መብት አለው ይላል፤ ሁለቱን ማስታረቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ለመናገር ሜሪላንድ መሄድ አያስፈልግም። ልዩነቱ እዚያ ባለቤትነት የተነጠቀው ወገን ኃይል የሌለው መሆኑ ነው። እሱ «መሬቱ የእኔ ነው» ሲል የሚፈናቀል ሰው የለም።

እህቴና ልጇ ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ያሰብኩትን ነገርኳቸው። ለልጅቱ «ልበሽው፤ የመሬቱ ባለቤቶች እነማን እንደሆኑ ግን እወቂ» አልኳት። ሜሪላንድ ውስጥ ከሚኖሩባት ከተማ ብዙም ሳይርቅ የፒስካታዋይ ሕዝብ እንዳለና ግዛቲቱ በ2012 በይፋ እንዳወቀቻቸው ሰምታ አታውቅም ነበር፤ ስልኳን አውጥታ መፈለግ ጀመረች። ለእህቴ ደግሞ ዜግነቷን እስክታገኝ እንዳትለብሰው፣ ለብሳም ፎቶ እንዳትነሳ፣ ድንበር ላይ ከተጠየቀችም ግሪን ካርዷን አሳልፋ የምትሰጥበት ምንም ወረቀት ጠበቃ ሳታማክር እንዳትፈርም ነገርኳት። ልጅቱ ለእናቷ ስትል ተራ ሹራብ ለብሳ ለመሄድ ተስማማች።

በመሄጃቸው ዕለት ሻንጣው ሲመዘን ኪሎው በዝቶ እንደገና ተከፈተ። ካናቴራው በእህቴ ሻንጣ ውስጥ፣ በርበሬና ሽሮው ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል። «ከእሷ ላይ ቢያገኙት ይከፋል ብዬ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። ከሁለቱ ሻንጣዎች የትኛው ላይ ቢገኝ እንደሚከፋ ሁለት ቀን ሙሉ ያስረዳኋት እኔ ነኝ።